ሰማያዊው ዓሣ ቢጫ ሲሆን፦ የወፍ በሽታ አይደለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

"ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከሰባት ወር በፊት ከአዲስ አበባ ስድስት ትንንሽ ሰማያዊ ዓሦች ገዝቼ ከሁለት ጎልድፊሽ ጋር 90 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አስገባኋቸው። ሻጩ 'የአፍሪካ ዓሣ ነው፣ አያስቸግርም' ብሎኝ ነበር። አሁን አንዱ ቀስ በቀስ ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ የያዘው መስሎኛል። ሁለት ሰማያዊዎች ክንፋቸው ተቦጫጭቆ ሞቱ። አንዷ ደግሞ አገጯ አብጦ 11 ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመሰችም። የማበላቸው የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀይሬ ፊልተሩን በሳሙና አጥባለሁ። ምን መድኃኒት ልስጣቸው? ከሐይቁ ውሃና ድንጋይ ባመጣላቸውስ? ካልሆነ ወደ ሐይቁ ልልቀቃቸው?"

መድኃኒት አትስጣቸው። ምንም። በሽታ ብለህ የጻፍካቸው ሁለቱ ነገሮች በሽታ አይደሉም። እኔን ያሳሰበኝ እንደ ዋዛ የጠቀስከው ነው፤ ሥጋው፣ ሳሙናውና 90 ሊትሩ።

ከቢጫው ልጀምር። ዓሣህን ወፍ አልመታውም፣ ለአካለ መጠን ደርሶ ነው። ከገለጽከው ተነስቼ ስገምት የያዝከው በንግዱ ዓለም "ኬኒ" የሚባለውን ነው፤ የሳይንስ ስሙ ማይላንዲያ ሎምባርዶይ ይባላል። መገኛው ማላዊ ሐይቅ ውስጥ፣ ምቤንጂ የምትባል ደሴት አካባቢ ነው። በብዙዎቹ ዘመዶቹ ወንዱ ሰማያዊ ነው፤ የኬኒ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጫጩቶቹ ሁሉም ሰማያዊ ሆነው፣ ጎናቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ይዘው ያድጋሉ። ሴቷ እንደዚያው ትቀራለች። ወንዱ ጣትህን ሲያክል መስመሩ እየደበዘዘ፣ ሰማያዊው እየለቀቀ፣ ቢጫ ይለብሳል። ጾታ ቀየረ ማለት አይደለም። ስትገዛውም ወንድ ነበር፣ ሻጩም አንተም አላወቃችሁም እንጂ። ከሞቱት ሁለቱ አንዱ ሆዱ አካባቢ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሮ ከነበረ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ተቀናቃኝ ነበር፣ ተወገደ።

አሁን ደግሞ አገጯ ያበጠው። ወንበር ሳብና ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ አሥር ደቂቃ ዝም ብለህ ተመልከታት። ያበጠው የታችኛው መንጋጋዋ ሥር ነው ወይስ ሆዷ? አፏን ጥብቅ አድርጋ ሳትገጥም በየጥቂት ሰከንዱ የምታኝክ ትመስላለች? ሌሎቹ ሲበሉ ምግቡን እያየች ወደ ጥግ ትሸሻለች? ሦስቱም አዎ ከሆነ እናት ናት። አፏ ውስጥ እንቁላል አለ። የምታኝክ የሚመስለው እንቁላሎቹን እያገላበጠች አየር እንዲያገኙ ስታደርግ ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲህ ትቆያለች፤ ያንን ሁሉ ጊዜ መጾሟም ደንቡ ነው። መድኃኒት ጨምረህ ቢሆን ኖሮ ከነልጆቿ ትገድላት ነበር።

ይሄ እንግዳ ነገር ከመሰለህ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደህ ዓሣ የሚያጸዱትን ጠይቅ። አባ ኮዳዎቹ አጠገባቸው ተገትረው አንጀት እስኪወረወርላቸው ሲጠብቁ የምታያቸው ማለቴ ነው። አንዳንዴ ቆሮሶ አፏ ሲከፈት በእንቁላል ተሞልታ ትገኛለች። ቆሮሶና ያንተ ኬኒ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ናቸው፣ ሁለቱም ልጅ በአፍ ያሳድጋሉ። ማለትም ጠብሰህ የምትበላው ዓሣ ሳሎንህ ውስጥ የአክስት ልጅ አለው።

የመዳበሩ ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። ሴቷ እንቁላሏን ድንጋዩ ላይ ትጥልና ዞር ብላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ወንዱ ሆዱ ሥር ከኋላ ባለው ክንፉ ላይ እንቁላል የሚያካክሉ ክብ ነጠብጣቦች አሉት። እሷ አፏን ወደ ነጠብጣቦቹ ስታስጠጋ እሱ ዘሩን ይለቃል፤ እንቁላሉ የሚዳብረው እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ቮልፍጋንግ ቪክለር የተባለ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጠብጣቦቹ የውሸት እንቁላል ናቸው፣ ሴቷ የቀራት መስሏት ልትለቅም ስትል ዘሩን ትስባለች ብሎ ጽፏል። በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉም በዚህ አልተስማሙም። ለማንኛውም እነዚህን ነጠብጣቦች አይተህ ብቻ ጾታ አትለይ፤ ሴቶቹም አንዳንዴ አላቸው።

እንግዲህ ለምን ይገዳደላሉ? ይህን ለመረዳት ከየት እንደመጡ ማወቅ አለብህ። ማላዊ ሐይቅ እንደኛው የሐዋሳ ሐይቅ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። የኛው ጥልቀት 20 ሜትር ከፍ ቢል ትንሽ ነው፣ የማላዊ ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ርዝመቱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛንያ ይጋሩታል። ውስጡ ያሉት የሲክሊድ ዝርያዎች ከ700 እስከ 1000 ይገመታሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አገር የሉም። ከእነሱ መካከል ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖሩትን የሐይቁ ዳር የቶንጋ ሰዎች "ምቡና" ይሏቸዋል፣ የድንጋይ ዓሣ ማለታቸው ነው። ያንተ ኬኒ ከምቡናዎቹ አንዱ ነው።

ምቡና ከድንጋዩ ርቆ አይሄድም። በሁለት የድንጋይ ክምሮች መካከል ሰፊ አሸዋ ካለ አይሻገረውም። ለዚህ ነው አንዱ ደሴት ላይ ያለው ቀለም ሌላው ደሴት ላይ የማይገኘው። ድንጋዩ ላይ አልጌና በአልጌው ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳት ያሉበት አረንጓዴ ምንጣፍ ይበቅላል፤ የምቡናዎቹ ማዕድ ይህ ነው። ጄፍሪ ፍራየር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ማላዊ ሐይቅ ዳር ባለችው ንካታ ቤይ ላይ ሲያጠና ብዙ ዝርያዎች ያንኑ ምንጣፍ እየተሻሙ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አየ፤ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። አንዱ ይግጣል፣ አንዱ ያበጥራል፣ አንዱ ይነቅላል፤ ጥርሳቸውም እንደ ሥራቸው ይለያያል። በዚህ ሽሚያ መሃል አንድ ወንድ አንድ ድንጋይ ይይዛል። ድንጋዩ እርሻው ነው፣ ሴት የሚያመጣበት ቤቱም ነው። ሌላ ወንድ ከመጣ ያባርረዋል። ሐይቁ ላይ የተሸነፈው ሁለት ሜትር ሲሸሽ ነገሩ ያልቃል። ያንተ አኳሪየም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር አይሞላም። የተሸነፈው የት ይሂድ? መስታወቱን ይገጫል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኛው ደግሞ "አሁንም ድንበሬ ላይ ነህ" ብሎ ይነክሰዋል። የሞቱት ሁለቱ የሞቱት እንደዚህ ነው። ክፋት አይደለም፣ የቦታ ጥበት ነው።

እና ልንገርህ፣ ኬኒ ከምቡናዎችም መሃል ጉልበተኛው ነው። ጀማሪ መግዛት ከሌለበት ዓሣ አንዱ ነው። "አያስቸግርም" ያለህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ መሸጥ ፈልጎ ነው።

ጎልድፊሾቹን ዛሬውኑ አውጣ። በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖሩ፣ ቀርፋፋ፣ ክንፋቸው ረጅም። እስካሁን መትረፋቸው ይገርመኛል።

ወደ ሥጋው እንምጣ። ድንጋይ ላይ አልጌ የሚግጥ ዓሣ አንጀቱ ረጅምና ጥምዝምዝ ነው፤ ሣር የሚበላ ከብት ዓይነት ሆድ አለው በለው። የበሬ ሥጋና ስብ እዚያ ውስጥ ቶሎ አይፈጭም። ውጤቱ በዓሣ አርቢዎች ዘንድ "የማላዊ ብሎት" የሚባለው ነው፤ ሆድ ይነፋል፣ ዓሣው ምግብ ይጠላል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ኩሱ ነጭ ክር ይመስላል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥጋ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ዋናው ምግባቸው ስፒሩሊና (ውሃ ላይ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር) ያለበት ደረቅ የዓሣ ምግብ ይሁን፤ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቆስጣ ወይም ሰላጣ ፈላ ባለ ውሃ ነከር አድርገህ፣ ቀዝቅዞ፣ በድንጋይ ጫነው። አተርም ቀቅለህ ቆዳውን ልጠህ መስጠት ትችላለህ። በነገራችን ላይ ስፒሩሊና ሩቅ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስልህ፤ ሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ የሆኑት በሱ ነው። ግን ሄደህ በጀሪካን እንዳትቀዳ፤ የእነዚያ ሐይቆች ውሃ ለዓሣህ መርዝ ነው።

ውሃና ፊልተር ላይ ደግሞ ትልቅ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ፊልተር ማለት ቆሻሻ የሚያጠል ወንፊት ይመስለዋል። ዋና ሥራው ሌላ ነው። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሣው ሽንትና ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ፊልተር ላይ ተደራጅተው ለመብቃት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። አንተ በየሁለት ሳምንቱ በሳሙና ትገድላቸዋለህ። ዓሦችህ ሰባት ወር ሙሉ በገዛ ሽንታቸው እየተቃጠሉ ነው የኖሩት። ምቡና የሚወደው ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.8 እስከ 8.6 የሆነ ውሃ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ በእንዲህ ያለ ውሃ ይብሳል። ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው መልክ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም፤ 8.5 ላይ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። ቆሻሻው ያው፣ መርዙ ግን ሌላ።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንዴ ሲሶውን ውሃ ብቻ ቀይር። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድተህ ክዳኑን ከፍተህ አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ክሎራሚን የሚጨመርበት ውሃ ከሆነ ማሳደር አይበቃም፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ ራሱ በወጣው ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጭመቀው፤ ቡናማ ቢቀር ይቅር፣ ቡናማው ነው የሚጠቅምህ። ሳሙና አኳሪየሙ አጠገብ አይድረስ። የፒኤችና የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ግዛ። ለሐዋሳም ለአዳማም ሰው የምለው ይህንኑ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፣ የጎረቤትህ ውሃ ያንተ አይደለም። ሳይለኩ ሶዳ ወይም ጨው መነስነስ ግን የለም።

እዚህ ላይ ከፍታችንም ችግር አለው። የማላዊ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአንድ ዓይነት ሙቀት የእኛ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከእነሱ ከ10 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ የአየር ፓምፕ እዚህ ጌጥ አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚይዝ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ከሌለህ በየሩብ ሰዓቱ በጆግ ቀድተህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ፤ መብራት እስኪመጣም አታብላ። እኔ አንድ ሌሊት ተኝቼ ጠዋት ዘጠኝ ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ አግኝቻለሁ። መብራት የጠፋው ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር።

የሐይቁን ውሃ አታምጣ። ጥገኛ ትል፣ አልቅትና ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል፤ ከከተማው የሚፈሰውም እዚያው ነው የሚገባው። ድንጋዩ ግን ይሆናል፣ መርጠህ ከሆነ። አረፋ የሚመስለው ነጣ ያለው ድንጋይ፣ ለብሎኬት የሚፈጩት ፓሚስ፣ ይንሳፈፋል፤ የመጀመሪያው ቀን እኔም ቤት ተንሳፍፎ ክዳኑን ሲያንኳኳ አድሯል። ባልጩት ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ምርጡ ከግንባታ ቦታ የሚገኘው ከባዱ ጥቁር ድንጋይ ነው። በብሩሽና በውሃ ብቻ እጠበው፣ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አድርቀው። መጀመሪያ መስታወቱ ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ አንጥፍ፣ ድንጋዩን በሱ ላይ ደርድር፣ አሸዋው በመጨረሻ ይግባ። ኬኒ ይቆፍራል። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ ተቆፍሮ ሲናድ መስታወቱን ሰብሮ ሳሎንህን ያጥለቀልቀዋል። ክምሩ ብዙ መውጫ ያለው ዋሻ ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለሚሸሸው ወጥመድ ነው።

አሁን ያሉህን መንገዶች እንይ። አንደኛው ቢጫውን ብቻ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሴቶቹን ባሉበት ማቆየት ነው። ለጊዜው ይረጋጋል፤ ግን ሴት ኬኒም ትደባደባለች፣ 90 ሊትርም ሙሉ ለደረሱት አይበቃም። ወደ 13 ሴንቲሜትር ያድጋሉ፣ እስከ አሥር ዓመትም ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ሁሉንም ለሚችል ሰው አስተላልፎ በጸባይ ረጋ ባለ ምቡና መጀመር ነው፤ ላቢዶክሮሚስ ካይሩሌውስ የምትባለው ቢጫዋ፣ የጀርባ ክንፏ ላይ ጥቁር መስመር ያላት፣ ለጀማሪ ትመከራለች። እሷም ቢሆን 90 ሊትር ውስጥ አትደላም። ሦስተኛው ቤቱን ማስፋት ነው፤ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር፣ 300 ሊትር ገደማ። መስታወት ቤት 10 ሚሊ ሜትር መስታወት ያስቆርጥልህ። ሲሊኮኑ ፀረ-ሻጋታ ያልተጨመረበት መሆኑን አረጋግጥ፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓሣ ይገድላል። ውሃው ብቻ 300 ኪሎ ነው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር ከ400 ኪሎ ያልፋል። ቡፌ ላይ እንዳታስቀምጠው። ብረት አስበይድለት።

የእኔ ምክር ሦስተኛው ነው። ሰፊው ቤት፣ ድንጋይ እስከ ላይ የተከመረበት፣ አንድ ቢጫ ወንድ፣ ቢያንስ አራት ሴት፣ ቁጥራቸው ሲበዛ ቁጣው በአንድ ዓሣ ላይ እንዳያርፍ ደግሞ ሌሎች ጠንካራ ምቡናዎች። መልኳ ከኬኒ ጋር የምትመሳሰል ዝርያ ግን አትጨምር፤ ያባርራታል ወይ ይዳቀላታል። ይህን በሁለት ወር ውስጥ ማድረግ ካልቻልክ ሁሉንም ስጥ፣ እናቷንም ጨምረህ። "ቀስ ብዬ እሠራለሁ" ካልክ ከሁለት ወር በኋላ የሚቀርህ ቢጫው ብቻ ነው።

ወደ ሐይቅ መልቀቅ? በፍጹም። ወንድሜ፣ ይህን ቀልድ አታድርገው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ይቀራል፣ የስንቱ ቤት እንጀራም በቆሮሶው ላይ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ናይል ፐርች ገብቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ሲክሊዶች እንደጠፉ ይገመታል። ማላዊ ራሱ ውስጥ እንኳን ነጋዴዎች ከአንድ ቦታ ያጠመዷቸውን ምቡናዎች ተምቢ ዌስት ደሴት ላይ ለቀው ከነባሮቹ ጋር ተዳቅለዋል። አገር ውስጥ ቤት መቀየሩ ይህን ካመጣ ያንተ ዓሣ እዚህ የሚያመጣውን መሞከር የለብንም።

የዛሬ ሥራህ እንግዲህ ይሄ ነው። ጎልድፊሾቹ ይውጡ። የፕላስቲክ መረብ ቆርጠህ አኳሪየሙን ለሁለት ክፈለው፣ ቢጫው ለብቻው ይሁን። እናቷን አሁን አትያዛት፣ ከደነገጠች እንቁላሉን ትተፋለች ወይ ትውጠዋለች። መጾም ከጀመረች አሥራ አምስተኛው ቀን አካባቢ፣ ማታ መብራቱ ጠፍቶ፣ በመረብ ሳይሆን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ከነውሃዋ ቀድተህ ትንሽ ስፖንጅ ፊልተር ወዳለው ሌላ ዕቃ አሸጋግራት። አፏን ከፍቶ ልጆቿን ማስወጣት የሚባል ነገር አለ፤ አንተ አትሞክረው። ከ18 እስከ 25 ባለው ቀን ራሷ ትለቃቸዋለች። ከዚያ ሦስት አራት ቀን ለብቻዋ በደንብ ብላ ትመለስ፤ ከስታና ደክማ ከተመለሰች ወንዱ ያሳድዳታል። ጫጩቶቹ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሆነው ነው የሚወጡት፤ ያንኑ ስፒሩሊና በጣትህ አድቅቀህ ስጣቸው። ትልቁ ቤት ሲጠናቀቅ 90 ሊትሩ የእነሱ ይሆናል። ቁጠራቸው። የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ከ20 ቢያንሱ አይግረምህ፤ ሁሉም ሰማያዊ ቢሆኑም እንደዚያው።